ስታዲየም ውስጥ የቆምኩበት ወገን

ያ ጨዋታ ዋና ደንበኛዬን አሳጣኝ። ዲማ ወረዳ ውስጥ ወርቅ የሚያስቆፍር ሰው ነው፤ አካፋውን፣ ሸራውን፣ ቦት ጫማውን ሁሉ የሚጭነው ከኔ ሱቅ ነበር።

ወላጆቼ በሰፈራ ከደጋ መጥተው እዚሁ ቀሩ። እኔ ጋምቤላ ተወልጄ፣ ባሮ ውስጥ ዋና ተምሬ ጢሜ ሸበተ። መታወቂያዬ የክልሉ ነዋሪ ይለኛል፤ ገበያው ደግሞ «ደገኛው ነጋዴ»። በአክብሮት ነው ታዲያ፣ እንግዳ እንደሚከበረው።

የፈረንጅ ኳስ በቴሌቪዥን ስናይ አንድ አግዳሚ ላይ ተደባልቀን ነው የምንጮኸው። የከተማችን ቡድን ከደጋ ቡድን ሲገጥም ግን ስታዲየሙ እንደ ክልል ወሰን ይከፈላል፤ ተወላጁ በወንዙ በኩል፣ ደገኛው በመንገዱ በኩል። ማንም አልደለደለውም፤ እግር ራሱ ያውቀዋል።

ያን እለት የመጣው ያባቴ አገር ቡድን ነበር። ደንበኛዬ በመንገዱ በኩል ቦታ ይዞ ጠራኝ።

«ና እንጂ ያገሬ ልጅ፣ ያባትህ ቡድን ነው።»

«አባቴ ኳስ አይወድም ነበር» አልኩትና ወደ ወንዙ በኩል መንገዴን ቀጠልኩ።

«እዚያ ከቆምክ ተለያየን።»

«ሸራህን ነገ ውሰድ።»

«ከሌላ እወስዳለሁ።»

ስደርስ ከበሮው ቀዝቀዝ አለ። ባሮ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ፣ የመረብ ክር ከኔ የሚገዛ ጎረምሳ ፊት ለፊት ቆሟል።

«ጋሼ፣ መንገድ ጠፋህ እንዴ? ሰዎችህ እዚያ ናቸው።»

«አልጠፋኝም። ጠጋ በል።»

ጠጋ አለ። ሌሎቹ ግን በዙሪያዬ ባዶ ቦታ ተዉልኝ፤ ክብር መሆኑ ነው።

ቀድመን አገባን፤ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ከእረፍት በኋላ እነሱ ሁለት አገቡ። ዳኛው የማብቂያውን ፊሽካ ሲነፋ ዓሣ አጥማጁ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ጩኸትህ እንደታመመ ፍየል ነው። ልጆቹን ያደነዘዝካቸው አንተ ነህ።»

«በሚቀጥለው ከበሮውን ስጡኝ።»

«አንተ ከመታኸውማ አምስት ይገባብናል።»

ዙሪያው ሳቀ፤ አንዱ ትከሻዬን ገፋኝ። በዚህ ከተማ ዕድሜዬን ሙሉ ተከብሬ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ግን ተሰድቤ አላውቅም። እንግዳ አይሰደብም። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

የዲማው ሰውዬ ቃሉን ጠበቀ፤ ዛሬ የሚጭነው ከጎረቤቴ ሱቅ ነው። እኔ ስታዲየም የምገባው በወንዙ በኩል ነው። ያን እለት ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።