በራሳቸው በር የማይገቡት ዘበኛ

ጋሼ ሂራኪ ሺጌኦ የታቴኖ ዩኒቨርሲቲ የዋናው በር ዘበኛ ነበሩ። ዘበኛ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ኑሯቸው ቀላል በሆነ ነበር። ችግሩ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪም መሆናቸው ነው። የታቴኖ ተማሪ ደግሞ ሳይመረቅ በዋናው በር አያልፍም፤ ካለፈ አይመረቅም። ይህን በታካኦካ ከተማ ትራም ነጂው ያውቃል፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠዋም ታውቃለች። የማያውቅ ቢኖር ከቶኪዮ አዲስ የመጣ ፕሮፌሰር ብቻ ነው።

ስለዚህ ጋሼ ሂራኪ በየማለዳው በሩን ከውስጥ ይከፍቱና መጥረጊያቸውን ብስክሌታቸው ላይ ያስራሉ። ግቢውን አቋርጠው በጓሮ በር ይወጣሉ፣ አጥሩን ተከትለው የሩዙን ማሳ ይዞራሉ፣ በትራሙ ፌርማታ በኩል ታጥፈው ከዋናው በር ፊት ለፊት ብቅ ይላሉ። ደጃፉን ለመጥረግ ነው ይህ ሁሉ። ከተነሱበት ቦታ እስከ ደረሱበት ድረስ አንድ ድመት በአንድ ዝላይ ትደርሳለች።

"ጋሼ፣ የዓለም ዙሪያ ጉዞው እንዴት ነበር?" ይሏቸዋል ተማሪዎቹ።

"ዛሬ ባሕሩ ጸጥ ብሏል" ይላሉ እሳቸውም፣ ፈገግ ሳይሉ።

አንድ ቀን ሙሬ የሚባለው ወጣቱ የሬጅስትራር ሠራተኛ አዘነላቸው። "ሲጠርጉ እኮ ዘበኛ ነዎት፤ ተማሪ የሚሆኑት ክፍል ሲገቡ ነው። የዘበኛ ባርኔጣዎን አድርገው ቢያልፉ ምን አለበት?"

"በሩ ስለ ባርኔጣ ምን ያውቃል?" አሉት።

ነገሩ የተጀመረው በአዛውንቱ ነው። አዛውንቱ የምንላቸው መሥራቹን ታቴኖ ኪዩቤይን ነው፤ የአኩሪ አተር ድልህ ነጋዴ ነበሩ። በሱቃቸው የሚያድሩ ለማጅ ልጆች ሲመሽ ፊደል ይቁጠሩ ብለው በርሜል ማስቀመጫቸው ውስጥ የማታ ትምህርት ከፈቱ። ያኔ የንግድ ቤት ለማጅ በፊት ለፊት በር አይገባም፤ የፊት በር የደንበኛና የጌታው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ በጓሮ፣ በማድ ቤቱ በኩል ይገቡ ነበር። ትምህርቱን የጨረሰውን ግን አዛውንቱ ራሳቸው ካባቸውን ለብሰው በፊት በር ይሸኙት ነበር። "በጓሮ ገብተህ በፊት ውጣ" የሚለው ንግግራቸው እስከ ዛሬ በአዳራሹ ተሰቅሏል። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን ድልህ ድልህ ይሸቱ ነበር ይባላል።

ከዚያ ጦርነት መጣ፣ በርሜሎቹ ተቃጠሉ፣ ትምህርት ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፣ ሴቶችም ገባን። በቅርቡ ደግሞ ስሙ ከመርዘሙ የተነሣ ሰሌዳው ላይ ያልበቃ አዲስ ፋኩልቲ ተከፈተ። ሁሉም ሲለወጥ በሩ ብቻ እምቢ አለ። የአዛውንቱ ምርቃት ግን ሲያረጅ እርግማን ሆነ፤ ምርቃትን ወደ እርግማን ለመለወጥ ተማሪን የሚያህል የለም።

ጋሼ ሂራኪ ነሐስ ቀላጭ ነበሩ። ታካኦካ የነሐስ አገር ናት፤ የሌላው ከተማ የቤተ መቅደስ ደወል ሲሰማ የሚጮኸው የእኛ ሰፈር ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የሚሠሩበት ማቅለጫ የአዛውንቱን ሐውልት እንዲሠራ ታዘዘ፣ አፍንጫውን ሞርዶ ማለስለስ ለሳቸው ደረሰ። ትንሽ አበዙት። አዛውንቱ እስከ ዛሬ በግቢው መሐል ቆመው ማስነጠስ እንደ ቃጣው ሰው የሚታዩት ለዚህ ነው። የፈጠሩትን ሲያልፉ ጋሼ ሂራኪ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ከአክብሮት ነው ወይስ ከኃፍረት፣ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ሐውልቱ የገባ ቀን ግን አንድ ነገር ሆነ። ሠራተኞቹ ሐውልቱን ተሸክመው በዋናው በር ሲገቡ፣ ወጣቱ ሂራኪ ሸክሙን ለጓደኛው ትቶ በጓሮ በኩል ዞሮ መጣ።

"ምን ሆነህ ነው?" አለው አለቃው።

"ምንም። ምናልባት... አንድ ቀን..." አለ ሂራኪ፣ ጆሮው እንደ ነሐሱ ቀልቶ።

የሰፈር አንጥረኛ ሁሉ በዚህ "ምናልባት" አርባ ዓመት ሳቀባቸው። ሳኬ በተቀዳ ቁጥር፣ "ሂራኪ፣ በፊት በር ነው የመጣኸው ወይስ በጓሮ?" ይባል ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ። በስድሳ ዓመታቸው ከማቅለጫው ጡረታ ወጥተው ዘበኛ ሆኑ፤ በስድሳ አንድ፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ መግቢያ ፈተና ተቀመጡ።

ባለቤታቸው እትዬ ሱሚኤ ነገሩን የሰሙት ከቶፉ ሻጯ ነው። "የሰው ባል ጡረታ ሲወጣ ዓሣ ያጠምዳል" አሉ። "የኔው ደግሞ የቤት ሥራ ይዞልኝ ይመጣል።" ግን በዚያው ሳምንት ብሩህ ግራጫ የክት ኪሞኗቸውን ከመሳቢያ አውጥተው አናፈሱት። ለምረቃ የምለብሰው ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጥር ያወጡታል፣ ያናፍሱታል፣ ይመልሱታል። ሥራ ይዞ መማር እንደ ቀንድ አውጣ ያስኬዳል፤ ሰባት ዓመት ሆናቸው። ከስምንት በላይ ዩኒቨርሲቲው አይፈቅድም።

በዚያ በሰባተኛው ክረምት ግን ሁሉ ነገር አልቆ ነበር፤ የቀራቸው ቻይንኛ ብቻ ነው። ቻይንኛ አራት ዜማ አለው። በጋሼ ሂራኪ አፍ አራቱም አንድ ይሆናሉ፤ ያውም የጎረቤት ውሻ የሚጠሩበት ዜማ። መደበኛው ፈተና ስላልሆነላቸው ድጋሚው በየካቲት ተቀጠረላቸው። እትዬ ሱሚኤ ኪሞኗቸውን በዚህኛው ዓመት ወደ መሳቢያው አልመለሱትም፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ቤታቸው ውስጥ "ወደቀ" የሚል ቃል ተከለከለ፤ ፈተና የሚጠብቅ ሰው ባለበት ቤት እንደ ደንቡ ነው። የሾርባ ሳህን ከእጃቸው ቢያመልጥ እንኳ እትዬ ሱሚኤ፣ "ሳህኑ መሬት ሊጎበኝ ሄደ" ይሉ ነበር።

የአዲስ ተማሪዎች መግቢያ ፈተና ቀን በረዶው ገና ከማለዳው ተዘረገፈ። እኔ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ለመስተንግዶ ተቀጥሬ፣ "ወደ ፈተናው አዳራሽ" የሚል ሰሌዳ ይዤ ከዋናው በር ወዲህ፣ በውስጥ በኩል ቆሜአለሁ። ጋሼ ሂራኪ እንደ ልማዳቸው ዞረው ደጃፉን ይጠርጋሉ። በዚህ መሐል የስፖርት አዳራሹ ጣሪያ የተሸከመውን በረዶ በሙሉ በአንድ ጊዜ አራገፈና የጓሮው በር ተደፈነ። ተፈታኞች አርባ ያህል ሆነው በዋናው በር ፊት መጥተው ቆሙ። ጋሼ ሂራኪም መጥረጊያቸውን ይዘው ከነሱው ጋር ውጭ ቀሩ።

"ግቡ! በሩ ክፍት ነው!" አለ ሙሬ ከውስጥ።

ማንም አልተነቃነቀም። ልጆቹ ይህን በር በሚገባ ያውቁታል። ገና ያልገቡበትን ዩኒቨርሲቲ እርግማን አስቀድመው ሸምድደዋል።

"ክልከላው ለተማሪ ነው፤ እናንተ ገና ተማሪ አይደላችሁም!"

"ታዲያ እንድንሆን ነው እኮ የመጣነው!" አለ አንዱ ከኋላ፣ ሳቅም ፍርሃትም ባለበት ድምፅ።

"ቶሎ በሉ፣ ደጃፉ በረዶ ነው፣ ተጠንቀቁ እንዳትወ..." ሙሬ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። አርባ ሰው በአንዴ ዞሮ አየው። አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፈነች።

"አልተናገረም!" አሉ ጋሼ ሂራኪ ፈጥነው። "ልጁ ሲናገር ሁሌም ይቆራረጥበታል። ምንም አላለም።"

ሙሬ ወደኔ ዞሮ በሹክሹክታ፣ "እነዚህ አርባዎቹ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ እኮ አንድ ክፍል ሙሉ ባዶ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። በየዓመቱ የሚወለደው ልጅ እየቀነሰ፣ የእኛን የመሰለ ትንሽ የግል ዩኒቨርሲቲ ተፈታኝን እንደ ዝናብ ነው የሚጠብቀው።

ያቺ ዓይኗን የጨፈነችው ልጅ ገለጠችው። ኮሃሩ ትባላለች፤ በኋላ ነው ስሟን ያወቅነው። የጋሼ ሂራኪን ደረት ታያለች፤ ከዘበኛ ባጃቸው ጎን የተማሪ መታወቂያቸው ተንጠልጥሏል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ተማሪ ነዎት እንዴ?"

"እንደ ነገሩ።"

"ተመርቀዋል?"

"በመጋቢት፣ እንግዲህ።"

"እንግዲያው እርስዎ ይግቡና እኔም እገባለሁ።"

ጋሼ ሂራኪ ሳቁ፤ ከዚያ መሳቃቸውን አቆሙ። ልጆቹ ከኋላ እየተጠጉ፣ የጃንጥላቸውን በረዶ እያራገፉ ያዩዋቸዋል። ከውስጥ የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። እሳቸውም በሩን አዩት። ሐውልቱን ለጓደኛቸው ትተው በጓሮ ከዞሩ ጀምሮ አንድም ቀን እግራቸው አልረገጠውም።

"ባለቤቴ ትገድለኛለች" አሉ።

"ጋሼ ይቅርብዎ!" ብዬ ጮኽኩ፤ ድምፄ ግን እንደ ወትሮው ከሻርፔ አላለፈም።

"ስሙ ልጆች" አሉ መጥረጊያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው። "የዚህ በር እርግማን አርጅቷል፤ እንደኔው ነው። ለአርባ ሰው አይበቃም፣ ቢበዛ ለአንድ ነው። እኔ እወስደዋለሁ፤ እናንተ ከኋላዬ ባዶውን እለፉ።"

ባርኔጣቸውን አውልቀው አለፉ። አርባው እንደ ዳክዬ ጫጩት ተሰልፈው ተከተሏቸው፤ ኮሃሩ የካፖርታቸውን ጫፍ ይዛ ነበር።

ማታ እቤታቸው ሲደርሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ መናገራቸውን እትዬ ሱሚኤ አጫውተውኛል።

"በሩን አለፍኩ።"

"የትኛውን በር?"

ጋሼ ሂራኪ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ ሱሚኤ ጭልፋቸውን አስቀመጡ።

"ኪሞኖዬ ተሰቅሏል እኮ።"

"አየሁት። ግን ተፈታኞቹ ልጆች በረዶው ውስጥ ቆመው ነበር።"

"ስንት ልጅ ነው የቆመው?"

"አርባ ገደማ።"

"አርባ የሰው ልጅ በረዶ ሲወርድበት ዝም ብለህ ብትመጣ ኖሮ በዚህኛው በር አላስገባህም ነበር" አሉ እትዬ ሱሚኤ። ቀጥለውም ኪሞኖውን ከግድግዳው ማውረድ ጀመሩ።

"ምነው? ገና እኮ አልተፈተንኩም።"

"ቻይንኛህን ሰምቼዋለሁ" አሉ።

የድጋሚውን ፈተና በሁለት ነጥብ ሳቱት። የቻይንኛዋ መምህርት ኒዋ ከዮኮሃማ የመጣች ወጣት ናት፤ በእርግማን አታምንም፣ በዋናው በር በየቀኑ እየተንጎራደደች ትገባለች። ውጤቱን ልትነግራቸው ስትጠራቸው ግን ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"አቶ ሂራኪ፣ በሁሉም ሰው አፍ ያለው የበሩ ወሬ ነው። ሁለት ነጥብ እኮ... እንደገና ባየው..."

"አይሆንም መምህር። እርስዎ ካሳለፉኝ በሩ ውሸታም ሊሆን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቃሉን የጠበቀ በር በኔ ቻይንኛ ምክንያት ይዋረድ?"

ይህን ብለው ወጡ። በዚያ ሰሞን በሩን ለሚያደንቅ እንግዳ ሁሉ፣ "ይሠራል" ይሉ ነበር፣ የገዛ እጃቸውን ሥራ እንደሚያሳይ አንጥረኛ። አመሻሽ ላይ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን በመስኮቱ አይቻቸዋለሁ። መታወቂያቸውን አውልቀው በእጅጌያቸው ይወለውሉታል፣ መልሰው ያንጠለጥሉታል። የቀራቸው አንድ ዓመት ነው።

በሚያዝያ ቼሪው ሲያብብ ኮሃሩ እየሮጠች መጣች፤ በጓሮ በኩል፣ ዞራ።

"ጋሼ፣ አለፍኩ!"

"እሰይ! እኔ አላለፍኩም።"

ልጅቷ የያዘችውን ቦርሳ ለቀቀችው። "በኔ ነው" አለች።

"በቻይንኛ ነው። አንቺ ቻይንኛ ትመስያለሽ?"

መሰለችም። እናቷ በምትሠራበት፣ የተፈጨ ዓሣ እንደ ሙልሙል በሚጋገርበት ፋብሪካ ግማሹ ሠራተኛ ቻይናዊ ነው፤ ኮሃሩ ያደገችው በነሱ ተረትና ስድብ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳዋን ይዛ ከዘበኛው ቤት መስኮት ሥር ትቀመጥ ጀመር።

"'ፈረስ' ይበሉ።"

ጋሼ ሂራኪ አሉ።

"አሁን እናት አሉኝ፤ የሚለያቸው ዜማው ብቻ ነው። ፈረሱን እናቴ አደረጉት።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ። እናትሽ ደግ ሴት ናት።"

"ዝቅ፣ ከዚያ ቀና። ደወል ተመትቶ ሲያስተጋባ አልሰሙም?"

ጋሼ ሂራኪ መጥረጊያቸውን አቆሙ። ደወል ካሉ እሳቸው ያውቃሉ፤ የነሐስ ደወል ሲመታ ድምፁ እንደሚወርድ፣ እንደሚቆይ፣ እንደሚነሣ አርባ ዓመት አድምጠዋል። በዚያ መስኮት ሥር አንድ ሙሉ ዓመት ቻይንኛው እየተቀጠቀጠ፣ እየተሞረደ፣ ቀስ እያለ ቅርጽ ያዘ። አፍንጫው ትንሽ አጠረ እንጂ። በየካቲት መምህርት ኒዋ በጠባቡ አሳለፈቻቸው፤ አስተካክላ ቆጥራ ነው፣ ሦስት ጊዜ እንደቆጠረች ነግራናለች።

በምረቃው ቀን እትዬ ሱሚኤ ግራጫ ኪሞኗቸውን ለብሰው መጡ። ጋሼ ሂራኪ ይዘዋቸው በጓሮ በር ገቡ፤ በካፌው የጎመን ካርቶንና በቆሻሻ በርሜል መሐል።

"ለዚህ ነው ስምንት ዓመት ያናፈስኩት?" አሉ እትዬ ሱሚኤ የኪሞኗቸውን ጫፍ ሰብስበው።

"በጓሮ ገብተህ በፊት ውጣ ብለዋል አዛውንቱ።"

"አዛውንቱ ሚስት አልነበራቸውም?"

ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ምሩቃኑ በዋናው በር ሲፈስሱ ሁለቱ ከሁሉም ኋላ ወጡ። ቀስ ብለው ነበር፤ እትዬ ሱሚኤ ምሰሶውን በመዳፋቸው ነክተው አለፉ። ኮሃሩ ከውስጥ ቀርታ እጇን እያውለበለበች፣ በቻይንኛ፣ "እንኳን ደስ አለዎት!" ብላ ጮኸች። ጋሼ ሂራኪ በቻይንኛ መለሱላት፤ መምህርት ኒዋ ፊቷን ሸፈነች።

ፎቶው ተነሣ፣ ሰው ተበተነ። ጋሼ ሂራኪ ድንገት ኪሳቸውን ዳበሱና ቁልፉን አገኙት። ያን ቀን ፈቃድ አልወሰዱም ነበር፤ ተረኛ ናቸው። በሩ ደግሞ የሚዘጋው ከውስጥ ነው። ዲፕሎማቸውን ለእትዬ ሱሚኤ ሰጥተው ወደ ትራሙ ፌርማታ መንገድ ጀመሩ።

"ወዴት ነው?" አሉ እትዬ ሱሚኤ።

"በሩን ልዘጋ ነዋ።"

"በሩ እኮ እዚህ ነው!"

ጋሼ ሂራኪ ቆሙ። ዞሩ። ወለል ብሎ የተከፈተውን በር አዩት። ከዚያ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ ወደ ምርጡ ክፍል ግባ እንደተባለ እንግዳ እየተሽኮረመሙ፣ ገቡ።