የመሀሉ ስፒከርና የውሃ አባትነቴ

ጆሮዬ ደህና ሆኖ ሳለ «አይሰማም» ተብዬ ከውሃ አባትነት ልወርድ ነበር። በደሉ ይኸው ነው።

የውሃ አባት ማለት ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈውን ውሃ ለየሽንኩርት ማሳው በተራ የሚያካፍል፣ ሰዎች ሲጣሉም ግራ ቀኙን ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ነው። የማይሰማ ሰው ምን ብሎ ይፈርዳል? ይህን የመስኖ ማኅበራችን ጸሐፊ አሳምሮ ያውቃል። ማሳው ከቦዩ መጨረሻ ስለሆነ ውሃው የሚደርሰው ሁሉም ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ ነው። ቦታዬን የተመኛት ለዚያ ነው። እሱ አሥረኛ ክፍል ጨርሷል፤ ይህንንም ሳይጠይቁት ይናገራል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው።

ጣጣውን ያመጣው ልጄ ከአረብ አገር የላከችልኝ ሆም ቲያትር ነው። ግራና ቀኝ የሚቆሙ ስፒከሮች አሉት፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ደግሞ አንድ ጋደም ያለ የመሀል ስፒከር። እሁድ ከሰዓት ጎረቤት ይሰበሰብና በአማርኛ የተተረጎመ ፊልም እናያለን። ዘፈን ሲመጣ ኩልል ይላል። ሰው ማውራት ሲጀምር ግን እንደ ተቀደደ ከበሮ ይንጣጣል።

«ምን አለ?» እላለሁ።

ጸሐፊው የሰማ መስሎ ይስቃል። የተማረ ሰው ሲስቅ ያልተማረው ዝም ይላል? ሁሉም ይከተለዋል።

አንድ እሁድ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ጋሼ፣ እርጅና እኮ አያሳፍርም» አለኝ።

በማግስቱ ዕቃውን ሰብስቤ በባጃጅ ሸዋ ሮቢት ከተማ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ጠጋኙ ዘፈን ከፈተና ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ።

«ጋሼ፣ ዕቃዎ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው። ጆሮዎን ቢታዩ ይሻላል።»

«ሰው ሲያወራበት ስማው እንጂ!»

«ዘፈን የቻለ ወሬ ያቅተዋል?»

ባለሙያ ተብዬው ይህ ነው። ዘፈኑ ከግራና ከቀኝ እንደሚወጣ፣ ንግግሩ ግን ከመሀሉ እንደሚወጣ አያውቅም። አንዲት ብሎን ሳይፈታ የእኔን ጆሮ መርምሮ ጨረሰ። የምርመራውን ውጤት ደግሞ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም አደለው፤ ሳምንት ሳይሞላ ወረዳችን ቀወት በሙሉ ስለ ጆሮዬ ያወራ ጀመር።

ከዚያ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይዞ መጣና የጣት አሻራ ቀለም ፊቴ አስቀመጠ።

«የውሃ ተራው ዝርዝር ነው፤ እዚህ ጋ ጣትዎን ያሳርፉ።»

ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እንደ እኔ ዘግይቶ የተማረ ሰው መዝለል አያውቅም፤ እያንዳንዷን ፊደል ይለቅማል። «ጆሯቸው ስለደከመ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀዋል» ይላል። ቀለሙን ከድኜ መለስኩለት።

«እሁድ አባላቱን ይዘህ ቤቴ ና፤ እዚያ እፈርማለሁ» አልኩት። ደስ አለው፣ ሞኝ።

ትልም ሲጣመም ጥፋቱ የበሬው ይሁን የቀንበሩ ለመለየት አባቴ በሬዎቹን ቀኝና ግራ ያለዋውጣቸው ነበር። ጥፋቱ በሬውን ከተከተለ በሬው ነው፤ እዚያው ከቀረ ቀንበሩ ነው። እኔም የቀኙን ስፒከር ነቅዬ በመሀሉ ገመድ ላይ ሰካሁት። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ እንደ ሰው አወራ። የመሀሉን በቀኙ ቦታ ሰካሁት፤ ዘፈኑ እዚያ ይንጣጣ ጀመር። በሬው ተገኘ ማለት ነው።

ጀርባውን ስፈታው ምስጥ! ድምፁን የሚያወጣውን ወረቀት ጠርዝ ጠርዙን በልቶታል። ከጭቃ ግድግዳው አስጠግቼ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፤ ያንን አልክድም። ሁሉንም እንደነበረ መልሼ ገጠምኩና እሁድን መጠበቅ ያዝኩ።

እሁድ ቤቱ ሞላ። ፊልሙን ከፈትኩት። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወጥቶ በቁጣ ተናገረ። አቆምኩት።

«ጸሐፊ፣ ምን አለ?»

«ማን?»

«ይኼ ሽማግሌ ነዋ። አንተ ጆሮ አለህ፤ ንገረን።»

«ያው… ስለ ልጁ ነው።»

«ልጁ ምን ሆነ?»

እሱ የያዘውን ቃለ ጉባኤ ያገላብጥ ጀመር። ይኼን ጊዜ የማሳ ጎረቤቴ፣ የዕድሜ እኩያዬ ሙስሊም ገበሬ፣ ጉልበቱን መታ።

«ወላሂ፣ እኔ ከዚህ ዕቃ አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም! እናንተ ስትስቁ ነው የምስቀው!»

«እኔም!» አለ ሌላው። «እኔም!» አለ ከበሩ በኩል የቆመው። ይህን ሁሉ ጊዜ እኔን ደካማ ሲያሰኙ የከረሙት እነዚሁ ናቸው።

ስፒከሮቹን እያዩኝ ቀያየርኩና ያንኑ ቦታ ደገምኩላቸው። ሽማግሌው ጥርት ባለ አማርኛ ስለ ጠፋ ፈረሱ ጠየቀ። ልጅ የሚባል ነገር አላነሳም። ምስጥ የበላውን ወረቀትም አውጥቼ ጸሐፊው ጉልበት ላይ አስቀመጥኩለት።

«እንግዲህ ያንተም ጆሮ ደክሟል፤ ጻፈው» አልኩት።

አልጻፈም። ቃለ ጉባኤው ላይ ስለ እኔ የጻፈውን ግን በገዛ እጁ ሰረዘ። እኔም ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ፣ በጣቴ ሳይሆን በእስክሪብቶ። ቀኑንም ለሱ አልተውኩለትም፦ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.።