የእትዬ ለተማርያም ጽዋ

ዛሬ ቡሬ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አንዲት ሴት ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። በልታ ይሁን አልጠየቅኋትም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያስተወችኝ እትዬ ለተማርያም ናት።

በጣሊያን ጊዜ ከከረን የመጣች ካቶሊክ ነበረች፤ ባሏ ለጣሊያን ያደረ፣ አስካሪ የሚሉት ወታደር ስለሆነ ሰው ሰላም አይላትም። ቅዳሴ እስኪያልቅ መቁጠሪያዋን ይዛ ከአጥሩ ውጭ ትቆማለች። በእኛ ዘንድ በልቶ የመጣ ሰው ውስጥ አይገባም። እኔ ሕፃኗ አንድ እሑድ፣ "እትዬ፣ ሁልጊዜ በልተሽ ነው የምትመጭ?" አልኋት።

"ከትናንት ወዲህ ውኃም አልቀመስሁ፣ ልጄ። የሚያቆርቡኝ የእኛ ቄስ ግን ከጣሊያን ጦር ጋር ሄዱ።"

ሮጬ ለቀዳሹ ለአያቴ ነገርኋቸው። የቅዳሴ ጠበል በጽዋ ቀድተው ሰጡኝ።

"ውሰጅላት። ስትጠጣ ግን እንዳታያት። ቄሷ ተመልሰው ቢጠይቁሽ አንቺ አላየሽም፤ የእኛ ሰዎችም እኔን ቢጠይቁኝ አላየሁም።"

ሰጥቻት ፊቴን አዞርሁ። ጽዋው ባዶውን ተመለሰልኝ። ከእግሯ ሥር ያለው ሣር ርሷል፤ ሌሊቱን ግን ዘንቦ ነበር። ጠጥታው ይሁን አፍስሳው አልጠየቅኋትም።