ወፍጮው ታገደልኝ!

ወፍጮው ታገደ! እልል በሉልኝ! እንዴት ዋላችሁ እንኳ ሳልል ጀመርሁ፤ ደስታው ነው።

የልጆቼ አባት ወፍጮ ቤቱን ሸጦ ከባሕር ዳር ሊጠፋ ገዥ አግኝቶ ነበር። እሱ ከሄደ የሦስቱን ልጆች ቀለብ ማንን ልጠይቅ?

ዛሬ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ወፍጮው የእኔ አይደለም፤ የወንድሜ ነው» አለ። ወንድሙን ምናለን ከቁንዝላ በጀልባ አምጥቶ ምስክር አቆመው። ምናለ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ አጥማጅ ነው።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «ለመሆኑ የወፍጮህን ድንጋይ በስንት ጊዜ ታስወቅራለህ?» ሲሉት፣ «እንግዲህ... በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ» አይል መሰላችሁ!

ችሎቱን ሊሰሙ የመጡት ሴቶች ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡማ «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ሽርክት ልታበላን ነው?» አሉት። ድንጋይ በየጊዜው ካልተወቀረ እህሉን ሸርክቶ እንደሚተወው የማያውቅ ባለወፍጮ የት አለ? ስለ መረብ ቢጠይቁት ኖሮ እኮ ይረታኝ ነበር።

ምናለም አንገቱን ደፍቶ «ጓድ ዳኛ፣ እኔ ዓሣ ነው የማውቅ፤ ወፍጮው የወንድሜ ነው» ብሎ አመነ።

ወፍጮው እንዳይሸጥ ታገደ። አባትዬው ቀለቡን በየወሩ ካልከፈለ ተሽጦ ለልጆቹ ይሆናል። እፎይ! ከእንግዲህ ወር በገባ ቁጥር ልቤ አይደነግጥም።

እናንተስ እንዲህ ያለ ምስክር ገጥሟችሁ ያውቃል? መጥታችሁ አጫውቱኝ። ለግብዣው የሚሆነውን ዓሣ ምናለ ራሱ ሊያመጣ ቃል ገብቷል፤ በዓሣ እንኳ አይዋሽም። የቀበሌው ስብሰባ እንደተበተነ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ፤ እሑድ ሁላችሁም እኔ ቤት ናችሁ!