ወዬሳ የጠበቀው ፊልም

ወዬሳ ሁንዴ የናዝሬት ባቡር ጣቢያ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ከጣቢያው ወደ ወለንጪቲ የሚወስደውን ሐዲድ በእግሩ እየተከተለ የላላውን ብሎን ያጠብቃል። ከሚስቱ ከዘርፉ የወለዳት አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ደራርቱ። ባቡሩ ሲቆም በመስኮቶቹ ሥር እየዞረች ቅቅል እንቁላል ትሸጥ ነበር።

በ1921 ዓ.ም. ጥር ላይ ሙሴ ሬሚ የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ ከባቡሩ ወርዶ ባለ ሦስት እግር ሣጥን ተከለ። ትኬት ቆራጩ አብደላ ድሬዳዋ ላይ ፈረንሳይኛ ተምሮ ስለነበር አስተረጎመለት። ሰውዬው የሣጥኑን እጀታ እያዞረ ሻጮቹን ካነሳ በኋላ ደራርቱን ለብቻዋ በባቡሩ ጎን አስኬዳት። ሦስት ጊዜ አመላለሳት። በሦስተኛው ዙር ላይ ሳቋ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ወዬሳ ከሥራው ቆም ብሎ ያይ ነበር። «ይሄ ሣጥን ምን ያደርጋታል?» ሲል አብደላን ጠየቀው።

«ያስቀምጣታል፣ ኦቦ ወዬሳ። በኋላ ግድግዳ ላይ ስትሄድ፣ ስትስቅ ትታያለች። አዲስ አበባ አይቻለሁ። ሰዉ ፊልም የሚታይበትን የሰይጣን ቤት ይለዋል እንጂ ምንም ሰይጣን የለበትም።»

ክረምቱ እንደወጣ ደራርቱን ንዳድ ያዛት። በአራተኛው ቀን ሞተች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ፎቶግራፍ ተነስታ አታውቅም። በመጀመሪያው ዓመት ወዬሳ ፊቷን ባሰበ ቁጥር ያየው ነበር። ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ግን መልኳ እየሸሸው መጣ። ድምጿን ይሰማል፤ አረማመዷን ያስታውሳል፤ ፊቷ ላይ ሲደርስ ይደበዝዝበታል። ለዘርፉ መናገር አፈረ። አባት የልጁን መልክ ረሳሁ ብሎ እንዴት ይናገራል?

በ1924 ጥቅምት ላይ አብደላ በእግሩ ወዬሳ የሚሠራበት ድረስ መጣ። «ሙሴ ሬሚ ጽፎልኛል» አለው። «ፊልሙን ሠርቶ ጨርሷል። ያነሳሁበት ቦታ ወስጄ ላሳይ ብሏል።»

ወዬሳ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ደራርቱ አለችበት?»

«ሦስት ጊዜ አስኪዷት የለ? መቼም አይተዋትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባቡር በመጣ ቁጥር ወዬሳ በአብደላ የትኬት መስኮት ላይ ይቆማል። አይጠይቅም፤ ይቆማል። አብደላ ራሱን ሲነቀንቅ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዘርፉ ግን ነገሩን አልወደደችውም።

«እኔ አልሄድም» አለችው። «አይቻት ተመልሳ ስትጠፋብኝ፣ ሁለተኛ ልቀብራት ነው?»

«እኔ ግን ማየት አለብኝ።»

«ለምን?»

ያን ጊዜ ነገራት። ዘርፉም፣ «እኔም ዓይኗ ብቻ ነው የቀረኝ» አለች። አብራው ልትሄድ ተስማማች።

ሙሴ ሬሚ የካቲት ላይ መጣ። እሑድ ከቀትር በኋላ በባቡር ጣቢያው መጋዘን ውስጥ ነጭ አንሶላ ተሰቀለ፤ መስኮቶቹም በጆንያ ተጋረዱ። የከተማው ሰው እየተጋፋ ገባ። ወዬሳና ዘርፉ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዘርፉ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታለች።

ሙሴ ሬሚ ጥቂት ተናገረ፤ አብደላም ግራ እየተጋባ ተረጎመ። «ይህ ፊልም ታሪክ የለውም ይላል። እንደ ዜማ ነው ይላል፤ በዓይን የሚሰማ ዜማ።»

ፊልሙን የሚያሳየው መኪና መንቋቋት ጀመረ። አንሶላው ላይ አንድ ነጭ ክብ ወጣ። አበጠ፤ ተሰነጠቀ፤ ሁለት ሆነ። ጥቁር መስመሮች እንደ ዝናብ አቋርጠውት አለፉ። ጎማ በጎማ ላይ ዞረ፤ አራት ማዕዘኖች እየተጣደፉ መጥተው ተዋዋጡ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ማጉረምረም ጀመረ። ከኋላ አንዱ «መኪናው ተበላሽቷል» አለ። ብዙዎቹ እየተነሱ ወጡ።

ወዬሳ አልተነቃነቀም። አሁን ያልፋል፣ ከዚህ በኋላ ባቡሩ ይመጣል እያለ ዓይኑን ሳያርገበግብ ጠበቀ። አንድ ነጭ ነገር ከጥግ ብቅ ብሎ ሲወዛወዝ ዘርፉ ክንዱን ያዘችው። «እሷ ናት» አለች። ነጩ ነገር ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተገለበጠ፤ ሾጣጣ ሆኖ ጠፋ። እንደገና መጣ፤ እንደገና ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከዚያ አንሶላው ባዶ ሆነ። አንድ ሰው ጆንያዎቹን ሲገልጥ ፀሐይ ገባ።

ወዬሳ አብደላን ይዞ ወደ ሙሴ ሬሚ ሄደ። «እንቁላል የያዘችው ልጅ የት አለች በለው።»

ሙሴ ሬሚ ወዲያው አስታወሳት። ፊቱ በራ፤ በእጁ ጭምር እያሳየ አስረዳ። አብደላ እየሰማ አንገቱን ደፋ።

«ምን አለ?»

«አለችበት ይላል፣ ኦቦ ወዬሳ። ያ የሚከፈተውና የሚዘጋው ነጠላዋ ነው።»

«ፊቷስ?»

አብደላ ጠየቀለት። መልሱን ለመናገር ጊዜ ወሰደበት። «ከፊልሙ ላይ በምላጭ ፋቅኩት ይላል። ፊት ካለ ሰው ፊቱን ብቻ ያያል፤ ብርሃኑን አያይም ይላል።»

«ያልተፋቀ ሌላ የለም?»

«የለም። ያነሳሁት ያንኑ ብቻ ነው ይላል።»

ወዬሳ ልጁ መሞቷን እንዲነግርለት አልጠየቀም። አብደላ ግን ነገረው። ፈረንሳዊው ባርኔጣውን አውልቆ እጁን ዘረጋ፤ ወዬሳም ጨበጠው። ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም። ዘርፉ በር ላይ አልጠበቀችውም። ፊቷን ሸፍና ብቻዋን ወደ ቤት ሄዳ ነበር።

ሙሴ ሬሚ በማግስቱ ወደ ጅቡቲ ተሳፈረ። ወዬሳ ሥራውን አልተወም። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከፊልሙ በፊት ልጁን ሲያስብ ቢደበዝዝም የሰው ፊት ነበር የሚመጣለት። አሁን የሚመጣለት ያ ነጭ ነገር ሆነ፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይገለበጣል። ዓይኑን ቢጨፍንም፣ ሌላ ነገር ቢያስብም አልለቀቀውም።

የሚያውቋትን ሁሉ መጠየቅ ጀመረ። አፍንጫዋ እንዴት ነበር? ግንባሯስ ሰፊ ነበር? አንዷ ሻጭ ሰልካካ ነበረች አለችው፤ ሌላዋ ክብ ፊት እንደነበራት ማለችለት። አብደላም አንድ ቀን ሊረዳው ብሎ ጥርሷ ፍንጭት እንደነበረ ነገረው።

«ፍንጭት ዘርፉ ናት» አለ ወዬሳ።

አብደላ አፈረ። ወዬሳ መፍቻውን ከመሬት አነሳና ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ስለ ደራርቱ መልክ አልጠየቀም።