ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድን ብቸኛ ያልኩ ጊዜ

ከሚሴ ትምህርት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዲሬክተሩ አንድ ሳጥን ጠመኔና የስም መጥሪያ ደብተር አስረከቡኝና፣ «ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያንተ ነው» አሉኝ። ከተማሪዎቼ ጢም ያበቀሉ ነበሩ። እኔ ገና አላበቀልኩም፤ ስለዚህ እየጮኽኩ አስተምር ነበር።

ነፍሴ የምትወደው ብቸኛ ቁጥርን ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር። ለክፍሉ አንድ ጨዋታ አሳየሁ፦ ብቸኞቹን ከሁለት ጀምሮ በተራ አባዙና አንድ ጨምሩ። ሁለት በሦስት ሲደመር አንድ፣ ሰባት። በአምስት ስንቀጥል 31፣ ከዚያ 211፣ ከዚያ 2,311። ሁሉም ብቸኛ! እስከ አሥራ ሦስት ስናባዛ 30,031 መጣ። «ይሄም ብቸኛ ነው» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

ሳልፈትነው ቀርቼ አይደለም። ለ2,311 እስከ 47 ማካፈል ይበቃል፤ 49 በራሱ ሲባዛ ያልፈዋልና። ያንኑ ዝርዝር ይዤ ትልቁንም እስከ 47 አካፈልኩና ተውኩት። እሱ ግን እስከ 173 መሞከር ነበረበት።

በዓመቱ መጨረሻ ፈተና «30,031 ብቸኛ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አሕመድ የሚባል የሰንበቴ ገበያ ከብት ነጋዴ ልጅ «ብቸኛ አይደለም» ብሎ መለሰ። ዜሮ ሰጠሁት። ማለፊያው አፋፍ ላይ ነበርና በዚያች ዜሮ ወደቀ።

አባቱ መጡ። «አካም ጅርቱ፣ መምህር? ልጁ ከወደቀ ትምህርቱ አበቃ፣ ከብት ይነዳል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን ወላሂ፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ዘጠኝ እያለ አስቸገረኝ። እስቲ ይዩለት።»

«አባቴ፣ አስተማሪው እኔ ነኝ እኮ!» አልኩ በንዴት። ግን ለምን ሃምሳ ዘጠኝ? አላስቻለኝም። እዚያው ፊታቸው አካፈልኩ። 509 ደረሰ፤ ቀሪ የለም። ለካስ ያቆምኩት ሁለት ብቸኛ ቁጥር ሲቀረኝ ነው፤ 53 እና 59።

ጆሮዬ ጋለ። ደግሞ ደስ አለኝ፣ ምን ልበል! 59ም 509ም ብቸኛ ናቸው፣ ካባዛናቸው ውስጥም የሉም። ቁጥሩ ራሱ ብቸኛ ባይሆን እንኳ ሆዱ ውስጥ አዲስ ብቸኛ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ይህንን ለሰውየው በጉጉት አስረዳኋቸው። ሳቁብኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ መምህር። ልጄስ አለፈ?»

ዲሬክተሩ ጋ ሮጥኩ። «ውጤቱ ተለጥፏል» አሉ። «አስተማሪ ተሳሳተ ይባል?»

«ተሳስቻለሁ እኮ ጌታዬ።»

ቀይ እርሳሳቸውን ዘረጉልኝ። አሕመድ ስምንተኛ ክፍል ገባ።

ዜሮዋን ልሰርዝ የፈተናውን ወረቀት ሳወጣ እጄ ላይ ተገለበጠ። ጀርባው ላይ አሕመድ ከሁለት ጀምሮ አንድም ብቸኛ ሳይዘል እስከ 59 አካፍሎ ጽፎ ነበር። ሳርመው ያየሁት የወረቀቱን ፊት ብቻ ነበር።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወረቀት ሳልገለብጥ ዜሮ ሰጥቼ አላውቅም።