ፊሽካና ቀዩ ጨርቅ

የስፖርት አስተማሪያችንን ተማሪዎቹ «ፊሽካ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በድምጿ ነው። ሜዳው ላይ «ተሰለፉ!» ስትል፣ እኔ ፎቅ ላይ ሂሳብ የማስተምራቸው ልጆች ሳይቀሩ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ቂም አታውቅም፤ ትቆጣለች፣ ወዲያው ይወጣላታል። ፈተና በደረሰ ቁጥር ክፍለ ጊዜዋን እንቀማታለን፤ ስፖርትን ከትምህርት የሚቆጥርላት ሰው አልነበረማ።

ትምህርት ቤታችን አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። የሚያነክስ፣ የወፈረ፣ ዓይኑ የደከመ ልጅ ሁሉ በስፖርት ሰዓት የሌሎቹን ሹራብ ታቅፎ ግድግዳ ሥር ይቀመጣል። «ዘበኛ» ይባላል። ይሄን ደግነት ብለው የሚጠሩት ነበሩ!

ፊሽካ በመጣች በዓመቷ ዘበኞቹን ሁሉ አስነሳች፤ አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች። ጆሮዋ አይሰማም። እሷንም ልታስነሳ መሆኑን ሰምታ ልብስ ሰፊዋ እናቷ መርፌ ደረቷ ላይ እንደሰካች ከሥራዋ ተነስታ መጣች።

«መምህርት፣ ልጄ ከኋላዋ የሚመጣውን አታውቅም። ገፍተው ይጥሉብኛል። ሹራቡን ብትጠብቅ ምን ቸገራት?»

«እህቴ፣ እስቲ እግሯን እዪው።»

እናትየዋ ዞር አለች። ልጅቷ የሹራብ ክምር መሃል ተቀምጣ፣ ኳሱ በሄደበት ሁሉ እግሯ አብሮ ይወራጫል። 

«እሺ። የሳቁባት ቀን ግን እወስዳታለሁ፤ ከትምህርት ቤቱም ጭምር።»

«ያን ቀን እኔንም አብረሽ ውሰጂኝ» አለች ፊሽካ።

እናት ከገበር ቁራጭ ቀይ ጨርቅ ሰፍታ ላከች። ከዚያ ወዲያ የፊሽካ ፊሽካ ኪሷ ገባ፤ ጨርቁ ከፍ ሲል ጨዋታው ይቆማል። መጀመሪያ ሰሞን ትርምስምሱ ወጣ። ልጆቹ ግን ለመዱት፤ ቀና እያሉ መጫወት ስለጀመሩ መጋጨቱም ቀነሰ። ልጅቷ እየሮጠች በመሃል የአስተማሪዋን እጅ ሰረቅ አድርጋ ታያለች፤ እጁ ባዶ ከሆነ ትቀጥላለች። ቡድን ሲከፈል ቀድመው የሚጠቁሙት እሷን ሆነ። ደስ ይል ነበር፤ እውነቴን ነው።

በኋላ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለ። ዳይሬክተራችን የሜዳውን ግድግዳ ቀለም አስቀብቶ «ማንም አይቀርም» ብሎ አስጻፈበት። በጉብኝቱ ዕለት ጠዋት ፊሽካን አስጠራት።

«ጨርቁ ዛሬ ይቅር።»

«ምነው ጋሼ?»

«እኩል ናት አይደል የምንለው? እንደ እኩዮቿ በፊሽካ ትጫወታ። ለእሷ ብሎ ጨርቅ ማውለብለብ እኮ መለየት ነው።»

«አትሰማም እኮ ጋሼ!»

«ካልሆነ ትቀመጥ።»

ክርክራቸው እኔ ክፍል ድረስ ተሰማ። ፊሽካ በመጨረሻ እሺ አለች። ሌሎቹ ሲቆሙ አይታ ትቆማለች ብላ ነው። ከምትቀመጥ ይሻላል ብላ ነው።

እንግዶቹ ወንበራቸውን ያዙ። እናትየዋም ተጋብዛ ከኋላ ተቀምጣለች። ጨዋታው እንደጋለ ልጅቷ ኳሱን ይዛ ሁሉንም አለፈቻቸው። ከኋላዋ ሁለት ልጆች ተጠላልፈው ወደቁ፤ ፊሽካ ነፋች። ሁሉም ቀጥ አለ። ልጅቷ ሰረቅ አድርጋ የአስተማሪዋን እጅ አየች። ባዶ ነው። ሮጠች። በረኛዋ እጇን አጣጥፋ ቆማ ሳለ ኳሱን መረብ ውስጥ ከተተችው፤ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታም ዞረች።

አንዱ እንግዳ ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። ቀጥሎ ሌሎቹ፣ ቀጥሎ ልጆቹ። እሷም መጀመሪያ አብራቸው ሳቀች፤ የደስታ መስሏት። ኋላ ፊሽካውን አስተማሪዋ ከንፈር ላይ አየችው። እጆቿ ቀስ ብለው ወረዱ።

 እናትየዋ ከእንግዶቹ ኋላ ተነስታ የልጇን ቦርሳ አነሳች። ልጅቷ ደግሞ ማንንም ሳታይ ወደ ግድግዳው ሄደች። «ማንም አይቀርም» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የተጣሉትን ሹራቦች አንድ በአንድ ሰብስባ ታቅፋ ተቀመጠች።

ፊሽካ ቀዩን ጨርቅ ከኪሷ አውጥታ እያውለበለበች ሮጠች። ፊት ለፊቷ ደርሳ ተንበረከከች። ልጅቷ ጨርቁን አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ፊሽካ ያን ግቢ በሚያናውጥ ድምጿ ስሟን ደጋግማ ጠራች።